የክት ልብስ የለበሰ ፊደል

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚወስደው መንገድ በጥያ ከተማ ያልፋል። በገበያ ቀን መንገዱ ዳር ቆም ብላችሁ የሱቆቹን ታፔላ ተመልከቱ። ፊደሉ በመጽሐፋችሁ ላይ ያለው ፊደል ነው። መልኩ ግን ሌላ ይመስላል። አንዱ እግሩን አስረዝሟል፤ ሌላው ጭራውን ጠቅልሏል። መጽሐፉን አጥርቶ የሚያነብ ሰው እንኳ እዚህ ሲደርስ ይደናገራል። «የተማርኩት ጠፋኝ እንዴ?» ይላል። አልጠፋውም። ፊደሉ የክት ልብሱን ለብሶ ነው።

ይህ አጻጻፍ ከድሮ ጸሐፊዎች የመጣ ነው። እነሱ ብራና ላይ የሚጽፉት በመቃ ብዕር ነበር። የመቃው ጫፍ ጠፍጠፍ ተደርጎ በቢላ ይቆረጣል። ወደ ታች ሲሳብ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሳብ ቀጭን መስመር ያወጣል። አጻጻፉ የቁም ጽሕፈት ይባላል። የመጽሐፉን መክፈቻና የቅዱሳንን ስም ደግሞ በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር። ዓይን ቶሎ ያገኘዋል።

በኋላ የማተሚያ መኪና መጣ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1513 መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ፊደል ሮም ላይ ታተመ። በአገራችን የቁም ጽሕፈት በማተሚያ ምክንያት አልቀረም። በ1950 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሠዓሊ ይገዙ ብስራት ይህን ሙያ አስተምረዋል። ዛሬ በስማቸው የሚጠራ የኮምፒዩተር ፊደል አለ። ለርእስ፣ ለታፔላና ለሠርግ መጥሪያ ያምራል። መጽሐፍ ሙሉ በሱ ቢጻፍ ግን ዓይን ይደክማል። የክት ልብስ ለብሶ ማን ያርሳል?

ማስጌጥ ሲበዛ ደግሞ ያሳስታል። ቢ እና ቤን እንመልከት። አካላቸው አንድ ነው። ቢ ከቀኝ እግሩ ሥር ቀጥ ያለች ጭረት አለችው። ቤ እዚያው ቦታ ላይ ቀለበት አለው። ታፔላ ጻፊው ለማሳመር ብሎ የቢን ጭረት ቢጠቀልላት «ቢራ» የነበረው «ቤራ» ይሆናል። የቢራው እንኳ ግድ የለም። በፀረ ተባይ መርዝ ዕቃ ላይ ቢሆንስ? እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ የጻፊው ነው፤ የአንባቢው አይደለም።

በጥያ 36 ትክል ድንጋዮች ቆመዋል። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በ32ቱ ላይ ጎራዴና ሌላም ምልክት ተቀርጿል። ያምራሉ፤ ግን ፊደል አይደሉም። ፊደል ቆጥሮ የሚያነባቸው የለም። ታፔላ ግን የሚጻፈው ሊነበብ ነው።

ስለዚህ ያጌጠ ጽሑፍ ሲገጥማችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ወፍራሙን አካል እዩ፤ ከየትኛው ፊደል ቤት እንደሆነ እሱ ይነግራችኋል። ቀጥሎ ጭረቷን ፈልጉ። ከወገቡ ናት ወይስ ከእግሩ? ቀጥ ያለች ናት ወይስ ቀለበት? ከዚያ ቃሉን በሙሉ አንብቡ። አሁንም ካጠራጠራችሁ ወደ ሱቁ ውስጥ ተመልከቱ። የሚሸጠው ዕቃ ከመደርደሪያው ላይ ይታያል።