በሴንሰር ላይ ከመፍረድ በፊት

በአዲስ አበባ፣ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው ጎዳና ግራና ቀኝ፣ በዓለም ባንክና በቤተል መንደሮችም ውስጥ ለውስጥ፣ በየጋራዡ ደጃፍ ኮፈናቸውን ከፍተው ተራ የሚጠብቁትን አውቶሞቢሎች ያስተዋለ ሰው፣ ብዙዎቹ ከባለቤቶቻቸው ልጆች በዕድሜ የሚበልጡ መሆናቸውን ለመረዳት አይቸገርም። የእነዚህ ሰፈሮች፣ የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ አሮጌ መኪናውን የሙጥኝ ማለቱ ከፍቅር ብቻ የመጣ አይደለም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ የሚከፈለውን ታክስ እጅግ ከፍ ካደረገው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለውን እያስጠገኑ መኖር ግድ ሆኗል።

ከእነዚህ አረጋውያን መኪኖች ደዌያት መካከል ባለቤቱን አላግባብ ገንዘብ የሚያስወጣው የሞተር ሙቀት ሴንሰር መስመር ብልሽት ነው። መኪናው ቤንዚን ያለ ልክ ይጠጣል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፤ ወይም በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ማለዳ አልነሣ ይላል። ባለቤቱም «ሴንሰሩ ሞቷል» የሚል ቃል ይሰማና ወደ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ወርዶ አዲስ ገዝቶ ያስገጥማል፤ በሳምንቱ ግን ያው ጭስ፣ ያው ወጪ ነው።

የነገሩ ሥርወ ምክንያት እንዲህ ነው። በሴንሰሩ ውስጥ ያለችው ቅንጣት ስትቀዘቅዝ የኤሌክትሪክን መንገድ የምታጠብ፣ ስትሞቅ የምታሰፋ ናት፤ ይህን ጠባይ አስቀድሞ በብር ሰልፋይድ ላይ የተመለከተው እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1833 ነበር። በቶዮታ ኮሮላና በመሰሎቹ የዚህ ጥበት መጠን በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ግን ከ200 እስከ 400 ኦም ነው። የመኪናው ኮምፒዩተር በዚሁ መስመር 5 ቮልት ገደማ ይሰድድና በሴንሰሩ ላይ የቀረውን ቮልት አይቶ የቤንዚኑን መጠን ይወስናል። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ ሞተሩን በዐይኑ ሳያይ በምስክር ቃል ብቻ የሚፈርድ ዳኛ ነው፤ የምስክሩም ቃል በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ተጉዞ የሚመጣ ስለሆነ በመንገድ ሊጣመም ይችላል።

ሽቦው ፈጽሞ ቢበጠስ ነገሩ ቀላል ነው፤ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት ኮሮላዎች ኮምፒዩተር ቃሉ የማይታመን መሆኑን ዐውቆ ሙቀቱን 80 ዲግሪ ነው ብሎ ይወስድና የሞተሩን መብራት ያበራል። በኮፈኑ ሥር ባለችው የምርመራ ሣጥን ውስጥ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሣ ቁልፉን የከፈተ መካኒክ፣ መብራቷ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብላ፣ ጥቂት ዐርፋ፣ ዳግመኛ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብትል 22 ቁጥርን አነበበ ማለት ነው። ይህም ቁጥር የሚከሰው መስመሩን በሙሉ እንጂ ሴንሰሩን ለብቻው አይደለም፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም ይህን ባለመለየት ነው።

የሚያስቸግረው ግን መብራት የማያበራው ብልሽት ነው። የሴንሰሩ ሶኬት ተነቅሎ ሲታይ በአንደኛው ጥርስ ላይ አረንጓዴ ዝገት፣ አንዳንዴም በክረምት ጎርፍ የገባ ጭቃ ይገኛል። ይህ ዝገት ለብቻው ሁለት ሦስት ሺህ ኦም ቢጨምር፣ የጋለው ሞተር እንደ ማለዳ የቀዘቀዘ መስሎ ይቆጠራል፤ ቃሉ የሚታመን ሐሰት ስለሆነ ኮምፒዩተሩ አይጠረጥርም፤ ቤንዚኑን ያለ ስስት ያፈስሳል።

ስለዚህ ጠቢብ መካኒክ አስቀድሞ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ቁልፉን ከፍቶ፣ በቴስተር በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ይለካል። 5 ቮልት ገደማ ካገኘ ሁለቱም ሽቦዎች አልተበጠሱም፤ ካጣ ደግሞ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በሞተሩ አካል ላይ አድርጎ ይለካል፤ ያን ጊዜ 5 ቮልት ከታየ የተበጠሰው የመመለሻው ሽቦ ነው። ሽቦውን እያወዛወዘ ቁጥሩ ሲዘል ካየ የተቆረጠውን ስፍራ አገኘ።

ሴንሰሩ ራሱ ሲመረመር ተፈትቶ ከቴርሞሜትር ጋር በሚሞቅ ውሃ ውስጥ ይለካል። እዚህ ላይ ለአዲስ አበባ ሰው የተለየ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነች፣ በምድጃ ላይ የሚፈላው ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ እንጂ 100 አይደለም። የፈላውን ውሃ 100 ነው ብሎ ከመጽሐፍ ቁጥር ጋር ያመሳከረ ሰው በደኅና ሴንሰር ላይ ይፈርዳል።

ደግሞም በዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የሙቀት ጌጅ የሚያንቀሳቅሰው ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ከዚህኛው ልዩ ነው፤ አንዱ ታሞ ሌላው ሲቀየር የሚታይበት ጊዜ አለ። ቴርሞስታቱንም «ሞተር ያግላል» ብለው አውጥተው የሚጥሉ አሉ፤ ያን ጊዜ ሞተሩ በእውነት ስለማይሞቅ ሴንሰሩ «ቀዝቅዟል» ማለቱ እውነት ነው፤ እውነቱን በመናገሩ ግን ይቀየራል። የራዲያተሩ ውሃ ሲጎድልም ሴንሰሩ በእንፋሎት ውስጥ ይቀርና የተሳሳተ ነገር ይናገራል፤ ክዳኑን ግን ሞተሩ ሳይበርድ መክፈት እጅን ለከባድ ቃጠሎ መስጠት ነው።

ባለመኪና የሆነ ሁሉ «ሴንሰር ግዛ» ሲባል፣ አሮጌው በስንት ዲግሪ ስንት ኦም እንዳሳየ፣ በሶኬቱም ላይ ስንት ቮልት እንደተገኘ ይጠይቅ። እነዚህን ቁጥሮች ሊነግረው የማይችል ሠራተኛ ገና አልመረመረምና፣ ኪሱን ሳይፈታ ቴስተር ወዳለው ጋራዥ ይሂድ።