ቺፕ ከመምረጥ በፊት ባትሪውን ማየት

ከአዳማ በአሮጌው መንገድ የሚመጣ የጭነት መኪና አዲስ አበባ የሚገባው በአቃቂና በቃሊቲ በኩል ነው። ባለ 24 ቮልቱ ከባድ መኪናና ባለ 12 ቮልቱ ሚኒባስ እዚህ ጎን ለጎን ይቆማሉ። የኤልኢዲ መብራት በገዛ እጁ ሊገጣጥም የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ቺፕ ጥሩ ነው?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ግን «መብራቱ ኃይል የሚያገኘው ከየት ነው?» የሚለው ነው፤ ለሚኒባሱ የሚስማማው ቺፕ አጠገቡ ለቆመው መኪና አይሆንምና።

ነጭ ኤልኢዲ የሚበራው 3 ቮልት ገደማ ሲያገኝ ነው። ከዚያ ወዲያ ቮልቴጁ በትንሹ ከፍ ሲል በውስጡ የሚያልፈው ከረንት በብዙ ያድጋል። ሲሞቅ ደግሞ ያንኑ ከረንት ለማሳለፍ የሚበቃው ቮልቴጅ ይወርዳል፤ ስለዚህ ቮልቴጁ ባለበት ከረንቱ ይጨምራል፣ ሙቀቱም ይብሳል። «አንድ ሬዚስተር አይበቃም ወይ?» ለሚል ስሌቱ መልስ ይሰጣል። ባለ 1 ዋት የሆኑና 350 ሚሊአምፔር የሚፈልጉ ሦስት ኤልኢዲዎች በተከታታይ ሲያያዙ 9.3 ቮልት ያህል ይወስዳሉ። በ12 ቮልት 7.7 ኦም ሬዚስተር ልክ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው 14.4 ቮልት ሲሰጥ ግን ከረንቱ ወደ 660 ሚሊአምፔር ይጠጋል፣ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። የኤልኢዲው ቮልቴጅም አብሮ ትንሽ ስለሚያድግ እውነተኛው ቁጥር ጥቂት ቢያንስም፣ ዕድሜውን ለማሳጠር በቂ ነው።

ቀላሉ መፍትሔ ከረንቱን በልኩ የሚይዝ ኤልኤም317 የተባለ ቺፕ ነው። 1.25ን በሚፈለገው አምፔር አካፍሎ የሬዚስተሩን ኦም ማግኘት ይቻላል፤ ለ350 ሚሊአምፔር 3.6 ኦም ገደማ ይሆናል። ችግሩ ትርፉን ቮልቴጅ ወደ ሙቀት መለወጡ ነው። ዲናሞው 28 ቮልት በሚሰጥበት መኪና ላይ ሦስቱ ኤልኢዲዎች 3.3 ዋት ሲወስዱ 6.5 ዋት በከንቱ ሙቀት ይሆናል። በ12 ቮልት ባትሪ ደግሞ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቺፑና ሬዚስተሩ ለራሳቸው 3 ቮልት ያህል ስለሚፈልጉ፣ ሞተሩ ሲጠፋ የሚተርፈው 2.7 ቮልት አይበቃቸውም፣ መብራቱም ይደክማል።

ይህ ማለት ግን እንዲህ ያለው ቺፕ ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። በከባድ መኪናው ላይ በሦስት ፈንታ ስድስት ኤልኢዲ በተከታታይ ቢደረደር የሚባክነው ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። በ3.7 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ለሚሠራ የእጅ ባትሪማ፣ 350 ሚሊአምፔር የሚሰጠው ትንሹ ኤኤምሲ7135 ከብዙ ውስብስብ ቺፕ ይሻላል፤ በባትሪውና በኤልኢዲው መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ቮልት በታች ስለሆነ የሚባክነው ጥቂት ነው። ወሳኙ ይህ ልዩነት ነው።

ልዩነቱ ሲሰፋ ኃይሉን እያበራና እያጠፋ በኮይል አማካይነት የሚቆጥብ ቺፕ ያስፈልጋል። ፒቲ4115 ከ6 እስከ 30 ቮልት ይቀበላል፤ የሬዚስተሩም ኦም 0.1ን በሚፈለገው አምፔር በማካፈል ይገኛል፣ ለ350 ሚሊአምፔር 0.29 ኦም ገደማ። ለሚኒባሱ በቂ ነው። ለከባድ መኪናው ግን በ28 ቮልቱና በ30ው መካከል የቀረው 2 ቮልት ብቻ ነው። ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ቢላቀቅ ደግሞ በ24 ቮልት መኪና ላይ ቮልቴጁ ለቅጽበት ከ100 በላይ ሊዘል ይችላል። እስከ 36 ቮልት የሚችለው ኤኤል8805 ትንሽ ይሻላል፤ እስከ 75 የሚችለው ኤልኤም3404ኤችቪ ደግሞ በእጅጉ። ይሁንና ሁሉም ዝላዩን የሚውጥ መከላከያ ዳዮድና ፊውዝ ይፈልጋሉ።

«ይህን ሁሉ ከማስላት የተዘጋጀውን መግዛት አይቀልም?» የሚል ልክ ነው። ነገር ግን የተዘጋጀውም ድራይቨር ውስጡ ያለው ያው ቺፕ ነው፤ ከ30 ቮልት በላይ የማይችለውን ከባድ መኪና ላይ የገጠመ ሰው፣ ገዛውም ሠራውም፣ የሚያጣው አንድ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ከሁሉ ይቀድማል፤ የቤቱ 220 ቮልት ወደ ቀጥተኛ ሲለወጥ እስከ 311 ቮልት ስለሚደርስ የጀማሪ መለማመጃ አይደለም። በባትሪ የሚጀምር ሰው ቢሳሳት ብዙውን ጊዜ የሚያቃጥለው ቺፑን ነው።