ስንተኛ ወጣህ?

ሰኔ መጨረሻ ላይ ካርዱን ይዞ የሚመለስ የሀዋሳ ልጅ፣ ቤቱ ታቦር ግርጌም ይሁን ሐይቅ ዳር፣ ከጎረቤትም ከዘመድም የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው፤ ስንተኛ ወጣህ? ዘንድሮ ምን ማንበብ ቻልክ፣ የትኛው ሒሳብ ገባህ ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። በዚያች አንዲት ቁጥር ላይ ግን ትልልቅ የቤተሰብ ውሳኔዎች ይንጠለጠላሉ። አስጠኚ ይቀጠር ወይስ ይቅር? ከመንግሥት ትምህርት ቤት አውጥቶ የግል ማስገባት ያዋጣል? ለ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ዝግጅቱ ከ4ኛ ይጀመር? ልጁ ጎበዝ ከሆነስ ወደፊት ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባ ይሆን? ወላጅ በዚህ መጨነቁ አያስወቅሰውም። የሚያከራክረው ቅደም ተከተሉ ነው። በጊዜ መድረስ የሚገባው እርዳታ ይዘገያል፤ መዘግየት የሚገባው ልጅን ከልጅ የመለየት ሥራ ግን ይቸኩላል።

ጭንቀቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው በጥብቅ ቁጥጥር ሲፈተኑ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየዓመቱ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀሩ። ያስፈተኑትን በሙሉ ያሳለፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ተማሪ መርጠው የሚቀበሉ ናቸው። ይህን ዜና የሰማ ወላጅ፣ የልጄ ዕጣ የሚወሰነው ከተመረጡት ጎራ በመግባትና ባለመግባት ነው ብሎ ቢደመድም አይገርምም። ከዚያ ወዲያ ውድድሩ ወደታች ይወርዳል፤ ከ12ኛ ወደ 8ኛው «ሚኒስትሪ»፣ ከ8ኛ ወደ 6ኛ፣ አንዳንዴም እስከ ኬጂ የመግቢያ ፈተና ድረስ።

ነገር ግን እነዚያ ቁጥሮች የሚናገሩት ሌላ ነገር ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዘግይቶ የደረሰ መርዶ ነጋሪ ነው፤ ጉዳቱ የደረሰው ከዓመታት በፊት ነው። የዓለም ባንክ ግምት እንደሚለው ከ10 የኢትዮጵያ ልጆች 9ኙ በ10 ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ድጋፍ በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ በሲዳሙ አፎ ከተመዘኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች ከግማሽ የሚበልጡት ከቀረበላቸው አንቀጽ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ልጆቹ ትምህርት ቤት አልቀሩም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። 2ኛ ክፍል ላይ ማንበብ ያልቻለ ልጅ 4ኛ ክፍል ሲደርስ የሳይንሱም የሒሳቡም መጽሐፍ ይዘጋበታል፤ መጻሕፍቱ አንባቢ ነው ብለው ነውና የሚያነጋግሩት። በ6ኛ ክፍል ፈተና መውደቁ እንግዲህ አዲስ ነገር አይሆንም።

ይህ ከሆነ ፈተና ለታዳጊ ልጅ ምን ይጠቅማል? በጣም ይጠቅማል፤ ግን ስንተኛ ለማለት አይደለም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ ያነበበውን ደጋግሞ ከሚያነብ ተማሪ ይልቅ ያነበበውን ከራሱ አውጥቶ እንዲመልስ የተደረገው ከቀናት በኋላ የበለጠ ያስታውሳል። አጭር፣ ቶሎ ቶሎ የሚሰጥ፣ ማንንም የማያስደነግጥ ፈተና ራሱ ትምህርት ነው ማለት ነው። ደረጃ ግን ሌላ ዕቃ ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል 38ኛ መውጣት ልጁ ክፍልፋይ መደመር ይችል አይችል አይነግርም፤ 3ኛ መውጣትም ቢሆን ክፍሉ በሙሉ ደካማ ከሆነ ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። ሀዋሳን በመሰለች፣ ሲዳሙ አፎ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛና ሌሎችም ቋንቋዎች በአንድ ግቢ በሚሰሙባት ከተማ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። በቤቱ በማይነገር ቋንቋ የተፈተነ ልጅ ሒሳብ ስለከበደው ይሁን ጥያቄው ስላልገባው እንደተሳሳተ ውጤቱ አይለይም። አንድ ክፍል ውስጥ የአንድ ዓመትና የሁለት ዓመት የዕድሜ ልዩነት መኖሩም የተለመደ ነው፤ በ8 ዓመት ልጅ ላይ ደግሞ አንድ ዓመት የዕድሜውን አንድ ስምንተኛ ያክላል። ታናሽ የሆነውን «ሰነፍ» ማለት ቀላል ስህተት ነው።

ብዙ ወላጆችና መምህራን እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ያነሳሉ፤ ተቃውሞውም ከልምድ የመጣ ነው። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በተከታታይ ምዘና ታግዘው እንዲያልፉ ተደርጎ ነበር። ፈተናው ሲላላ ልጆቹም ላሉ፣ ማንበብ ሳይችሉ 4ኛ ክፍል ደረሱ ይባላል። ችግሩ የነበረው ግን ልጁ አለመውደቁ አይመስለኝም። ተከታታይ ምዘናው በተግባር መዝገብ ላይ ነጥብ መሙላት ሆኖ ቀረ፤ የቀረበትን ልጅ አይቶ ወዲያው የሚደግፍ አካል አልነበረም። ልጁን አንድ ዓመት አስደግሞ ያንኑ ትምህርት በዚያው መንገድ ማስተማርም ከዚህ የተለየ መድኃኒት አይሆንም። ማጣሪያ ፈተናንም እንመልከት፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ዝነኛ የነበረውን የ8ኛ ክፍል ፈተናዋን በ2023 ለመጨረሻ ጊዜ ሰጥታ አቁማለች። ሥርዓተ ትምህርቷን በፈተና ላይ ከማተኮር ወደ ብቃት ስለቀየረች ነው። እኛ ደግሞ በአዲሱ የ6-2-4 አደረጃጀት በ6ኛ ክፍል አንድ በር ጨምረናል። ያ በር ልጁን ለመደገፍ የሚያገለግል ከሆነ እሰየው፤ ለማጣራት ብቻ ከሆነ ግን ጎረቤታችን ትታ የወጣችውን ቤት መግባታችን ነው።

አስጠኚን በተመለከተ ደግሞ «ለሀብታም ልጅ ነው» ብሎ ማጣጣል ማስረጃውን መናቅ ነው። የእንግሊዙ የትምህርት ድጎማ ፋውንዴሽን የበርካታ አገሮችን ጥናቶች አጠናቅሮ እንዳስቀመጠው፣ አንድ ለአንድ ማስጠናት ተማሪውን በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ 5 ወር ያህል ወደፊት ይገፋዋል፤ በትንሽ ቡድን ማስጠናትም 4 ወር ያህል። ልዩነቱ አንድ ወር ብቻ መሆኑ ለወላጅ ትልቅ ዜና ነው፤ ሦስት ወይም አራት ጎረቤታሞች ተባብረው አንድ አስጠኚ ቢቀጥሩ የሚያጡት ጥቂት፣ የሚቆጥቡት ብዙ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን በዚያ ሰዓት ምን ይሠራል የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው የቤት ሥራ መጨረስና ወርክሺት መሙላት ነው። አስጠኚው የ5ኛ ክፍሉን የእንግሊዝኛ ሰዋስው ሲያስጠና፣ ልጁ የጎደለው የ2ኛ ክፍል ንባብ ከሆነ ድካሙ በአሸዋ ላይ ቤት መሥራት ነው። ፕራታም የተባለው የሕንድ ድርጅት ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በሚችሉት መጠን መድቦ በቀን ለተወሰነ ሰዓት ማንበብና መቁጠር ሲያስተምር ያገኘው ውጤት በተደጋጋሚ ጥናት የተረጋገጠው ለዚህ ነው። ለ3ኛ ክፍል ልጅ ወጥቶ ንባብ የሚያቃናው ገንዘብ፣ በ8ኛ ክፍል ለክራሽ ኮርስ ከሚወጣው ሁለት ሦስት እጥፍ የበለጠ ሥራ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

የማስጠናት ገበያው የራሱ አደጋም አለው። ማርክ ብሬይ የተባሉት ተመራማሪ ይህን ዘርፍ «ጥላ ትምህርት» ይሉታል፤ ትምህርት ቤቱ ሲንቀሳቀስ አብሮት ይንቀሳቀሳልና። ጥላው የሚያስፈራው የክፍሉ መምህር ራሱ የዚያው ክፍል ልጆች አስጠኚ ሲሆን ነው። የመምህር ደመወዝ ኑሮን እንደማይሸፍን የሚያውቅ ሰው በመምህሩ ላይ ሊፈርድ አይችልም። ሆኖም ጠዋት ክፍል ውስጥ ያልተብራራው ነገር ማታ በክፍያ የሚብራራ ከሆነ፣ መክፈል ያልቻለው ልጅ ሁለት ጊዜ ይቀጣል። ታዲያ ይከልከል? ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1980 የግል ማስጠናትን ከልክላ ነበር፤ ንግዱ ወደ ጓዳ ገባ፣ ዋጋውም ጨመረ፣ በ2000 የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ክልከላውን ሻረው። ቻይናም በ2021 ተመሳሳይ እርምጃ ወስዳለች። የራስን ክፍል ተማሪ በክፍያ አለማስጠናት የሚለው ጠባብ ደንብ ግን ከጠቅላላ ክልከላ የበለጠ ሊተገበር የሚችል ነው፤ የወላጅና መምህራን ኅብረት በየትምህርት ቤቱ ሊስማማበት ይችላል።

ልዩ ተሰጥኦ አላቸው የሚባሉት ልጆች ጉዳይ ይበልጥ ስስ ነው። የአዳሪና የልዩ ትምህርት ቤቶችን ውጤት አይቶ «ትምህርት ቤቱ ነው ያደረገው» ማለት ቀላል ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ ትልልቁን ቆሮሶ መርጦ ያወጣ ዓሣ አጥማጅ ግን ዓሣውን እኔ አሳደግኩት አይልም። የትምህርት ቤቱን ድርሻ ከልጁ ለመለየት አንድ ብልሃት አለ፤ መቁረጫ ነጥቡን በጥቂት አልፈው የገቡትንና በጥቂት ተቀንሰው የቀሩትን ማወዳደር። ሁለቱ ሲገቡ እኩያ ናቸው። ሉካስና ምቢቲ የተባሉ ተመራማሪዎች በኬንያ ታዋቂ ብሔራዊ ትምህርት ቤቶች ላይ ይህን አድርገው፣ መግባቱ በመጨረሻው ፈተና ውጤት ላይ ጎልቶ የሚታይ ለውጥ እንዳላመጣ አገኙ። በቦስተንና በኒውዮርክ ዝነኛ ትምህርት ቤቶች የተደረገው ጥናትም ከዚህ አልራቀም። ለሚዛን ያህል፣ በሮማኒያና በትሪኒዳድ የተሠሩት የተወሰነ ጥቅም አይተዋል። ስለዚህ ልዩ ትምህርት ቤት ምንም አይሠራም አልልም፤ ልጁ ባይገባ ሕይወቱ ያበቃል የሚለውን ፍርሃት ግን ማስረጃው አይደግፈውም።

እዚህም ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ትምህርቱ ቀድሞ የገባው ልጅ ሌሎቹ እስኪደርሱበት ሲጠብቅ ይሰለቻል፣ ይረብሻል፣ መጨረሻም ይደነዝዛል። እውነት ነው። ተመራማሪዋ ዱፍሎና ባልደረቦቿ በምዕራብ ኬንያ በ121 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ባደረጉት ሙከራ የ1ኛ ክፍል ልጆችን በችሎታ በሁለት ክፍል መመደብ ጎበዞቹንም ደካሞቹንም ጠቅሟል፤ መምህሩ የሚያስተምረው ለማን እንደሆነ አወቀና። ይህ ግን በአንድ ግቢ ውስጥ ያለ ምደባ ነው፤ ልጁ ሲሻሻል ሊዛወር ይችላል። የእኛም አባቶች ይህን ያውቁታል። የቅኔ ቤት ተማሪ በዕድሜው አይመደብም፤ ሲችል ከቆጠራ ወደ ዘረፋ ያልፋል፣ የላቀውም አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ያስተምራል። ጎበዙ ከጉባኤው አልተነጠለም፤ ሥራ ተጨመረለት እንጂ። (ዱላውን ግን ይቅር እንበለው።) ሲንጋፖርም እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ያካሄደችውን ጎበዞችን ለይቶ የማስተማር ፕሮግራም በነበረበት መልክ እንደምታቆምና ለላቁ ልጆች የሚሰጠውን ትምህርት በየትምህርት ቤታቸው እንደምታስፋፋ በ2024 አስታውቃለች። መምረጥ ግድ ከሆነ ደግሞ ጥቆማ አይበቃም። በፍሎሪዳዋ ብሮዋርድ አውራጃ በወላጅና በመምህር ጥቆማ ፋንታ የ2ኛ ክፍል ልጆች ሁሉ ሲመዘኑ፣ ከድሃ ቤተሰብ የሚመረጡት በእጅጉ በዙ። ጥቆማ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ አንደበቱ የተፈታና ወላጁ የሚታወቅ ልጅ ነው፤ ከሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፈረቃ ማታ የምትመለስ እናት ትምህርት ቤት ሄዳ «የእኔ ልጅ ይታይልኝ» የምትልበት ጊዜ የላትም።

ይህ ሁሉ ሲሰማ መምህሩ የሚመልሰው ይታወቃል፤ 60 ልጅ ይዤ የእያንዳንዱን ጉድለት እንዴት ልወቅ? ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ያን ያህል አይከብድም። ልጁ ተምሮበት የማያውቀውን፣ ለክፍሉ የሚመጥን አንድ አንቀጽ ለአንድ ደቂቃ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ማድረግና ስለ ምን እንደሆነ መጠየቅ፤ ከላይ የተነሳው የ2002ቱ የንባብ ምዘናም ካደረጋቸው አንዱ ይህ ነው። ለ60 ተማሪ ጥያቄው ሲጨመር ሁለት ሰዓት አይፈጅም፤ በሴሚስተር አንድ ጊዜ ቢደረግ በዓመት አራት ሰዓት አይሞላም። ከአስጠኚ ጋር ከመስማማቱ በፊት ወላጅም ቤቱ ውስጥ ሊያደርገው ይችላል፤ ማንበብ የማይችል ወላጅ ታላቅ ልጁን ያስቀምጣል። የተገኘውን ለመጻፍ ካርዱ ላይ ቦታ ያስፈልጋል፤ ለጊዜው «ደረጃ» ከሚለው ሳጥን ጎን ያለው ባዶ ኅዳግ ይበቃል።