ቆሻሻው ውሃ ወዴት ይሄዳል?

እጃችንን ታጥበን ውሃውን ባፈሰስነው ጊዜ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል፤ ነገር ግን ውሃው ከዓይናችን ራቀ እንጂ አልጠፋም፤ ከሌላ ሰው ደጅ ይደርሳል። ባለፈው ክረምት በአሜሪካ አገር በቦስተን የሚኖሩትን አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ፣ የከተማው ፍሳሽ የሚጣራበትን ዲር አይላንድ የተባለውን ስፍራ ስላየሁ፣ የተማርሁትን ለአንባቢዎቼ ባጭሩ ላስረዳ እወዳለሁ።

ስፍራው በስሙ ደሴት ይባል እንጂ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. የተነሣው ማዕበል መካከሉን በአሸዋ ስለ ደፈነው ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ጎረቤቱም ዊንትሮፕ የምትባል ከተማ ናት። ቀድሞ የቦስተን ወደብ እጅግ የቆሸሸ ነበር፤ አሮጌዎቹ ማጣሪያዎች እስከ 1991 ድረስ ዝቃጩን ከባሕር ይለቁት ነበርና። ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ደርሶ በዳኛ ትእዛዝ አዲስ ማጣሪያ ተሠራ፤ ከ1995 ጀምሮም በየክፍሉ ሥራውን ቀጠለ። ዛሬ የ43 ከተሞችን ፍሳሽ ይቀበላል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ አሸዋውና ጠጠሩ ይለያል። ቀጥሎ ውሃው በትልልቅ ገንዳዎች ሲረጋ ከባዱ ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል። ከዚያም በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ነፍሳት ኦክሲጅን እየተሰጣቸው የቀረውን ቆሻሻ ይበላሉ። በመጨረሻም የበሽታ ተዋስያን በበረኪና ይገደላሉ፤ በረኪናውም ዓሣን እንዳይጎዳ ኃይሉ በሌላ መድኃኒት ይሰበራል። የተጣራው ውሃ ከባሕሩ ወለል በታች በተቆፈረ፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ተጉዞ ከጥልቁ ባሕር ይገባል። ይህም ዋሻ የተከፈተው በ2000 ነው።

ዝቃጩ ደግሞ የእንቁላል ቅርጽ ባላቸው፣ ቁመታቸው 40 ሜትር ያህል በሆነ 12 ጋኖች ውስጥ እንደ ጠላ ይብላላል። የሚወጣው ጋዝ ለሙቀትና ለኤሌክትሪክ ይውላል፤ የተረፈውም ደርቆ ማዳበሪያ ይሆናል።

ታዲያ ጎረቤቶቹ እንዴት ይኖራሉ? ሽታ የሚያመነጩት ገንዳዎች ተከድነዋል፤ ከውስጣቸው የሚሳበው አየር በመድኃኒት ታጥቦና በከሰል ተጣርቶ ይለቀቃል። በማጣሪያውና በከተማዋ መካከልም የአፈር ኮረብታ ተሠርቷል። በግንባታው ዘመን መንገዱ በመኪና እንዳይጨናነቅ ሠራተኞቹ በጀልባ ይመላለሱ ነበር። በባሕሩ ዳር ለሕዝብ የተከፈተ መንገድ ስላለ፣ እኔና አክስቴ እዚያ ስንንሸራሸር ሰዎች ሲሮጡ አየን።

አያቴ በልጅነታቸው ልብስ ያጥቡበት የነበረውን፣ ከቤታችን ጀርባ የሚያልፈውን ወንዝ አሰብሁ። ዛሬ በዚያ በኩል ስናልፍ አፍንጫችንን እንይዛለን። ማጣሪያ በሰፈራችሁ ይሠራ ብንባል ብዙዎቻችን «ከሌላ ቦታ ይሁን» የምንል ይመስለኛል። እኔ ግን ክዳኑ፣ ከሰሉና ኮረብታው ከተሟላ፣ ጎረቤትም ገብቶ የመጠየቅ መብት ካለው፣ ይሠራ እላለሁ። የማይፈለገው ጎረቤት ማጣሪያው ሳይሆን፣ ዛሬ ሳይጣራ በደጃችን የሚፈሰው ውሃ ነውና።