«እዚሁ ቅርብ ነኝ»፦ ስለ ሄልሜት የሚባለውና እውነታው

ባለሞተር ሄልሜቱን ቤት ትቶ ሲወጣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «እዚሁ ቅርብ ነኝ»። ለዱርቤቴ ሰው ቅርብ ማለት ከሰፈር እስከ ገበያ፣ ቢበዛ በአስፋልቱ እስከ መራዊ ነው። ራስን የሚሰብረው ግን የመንገዱ ርዝመት አይደለም። ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ራሱ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል። ሞተሩ ቆሞ እያለ እንኳ ቢወድቅ፣ ራሱ መሬት የሚደርሰው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ፍጥነት ነው። ለመውደቅ ደግሞ ወደ ቁንዝላ በሚወስደው መንገድ ላይ ጠጠር ቢያንሸራትት ወይም አንድ በግ ድንገት ቢያቋርጥ በቂ ነው።

ባዶ ራስ አስፋልት ሲመታ በቅጽበት ይቆማል፤ አንጎል ግን ውስጥ ሆኖ ከቅሉ ጋር ይላተማል። ከሄልሜቱ ደረቅ ሽፋን ሥር ያለው ፎም ሥራው መጨፍለቅ ነው፤ እሱ ሲጨፈለቅ ራስ ቀስ ብሎ ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል የተደረገ ሄልሜት የሞትን አደጋ ከ6 እጥፍ በላይ፣ የአንጎል ጉዳትን ደግሞ እስከ 74 በመቶ ይቀንሳል። የተጨፈለቀ ፎም ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ አንዴ አደጋ ያገኘው ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም አይታመንም።

«ሄልሜት አንገት ይሰብራል» የሚሉም አሉ። በአሜሪካ ከ40 ሺህ በላይ የሞተር አደጋ ተጎጂዎችን መዝገብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ተቃራኒውን ነው ያገኘው፤ ሄልሜት ያደረጉት የአንገት አጥንት ጉዳታቸው በ22 በመቶ ያነሰ ነበር።

«ቀኑ ከደረሰ ሄልሜት አያድንም» የሚለው ከሁሉ ይከብደኛል፤ ከእምነት ጋር የተያያዘ ነውና። ቬትናም ሄልሜትን በሁሉም መንገድ ላይ ግዴታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ነው። በሦስት ወር ውስጥ፣ ክትትል በተደረገባቸው ሆስፒታሎች በአደጋ የመሞት ዕድል በ18 በመቶ ቀነሰ። በዚያች አጭር ጊዜ የተለወጠው ሰዎቹ ራሳቸው ላይ ያደረጉት ነገር ነው።

ከኋላ የሚቀመጠውም ያው አስፋልት ነው የሚጠብቀው፤ እሱም ሄልሜት ያስፈልገዋል። የአገጭ ማሰሪያው ካልታሰረ ደግሞ ሄልሜቱ ከሰውየው ቀድሞ ይወድቃል። አስረው ከኋላ ጠርዙ ወደ ፊት ሲገፉት ከወለቀ፣ ልክዎ አይደለም።

አደገኛው እምነት ግን ከአደጋው በኋላ የሚመጣው ነው፦ «ደም አልፈሰሰውም፣ ደህና ነው»። ከቅል ሥር የሚደማ ሰው ተነሥቶ ሊያወራ፣ ሞተሩንም ሊያነሣ ይችላል፤ የሚደክመው ከሰዓታት በኋላ ነው። በዓል ወይም ሠርግ ከሆነ ደግሞ «ጠላው ነው፣ ይተኛ» ይባላል። የአንጎል ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ከዱርቤቴ ባሕር ዳር መድረስ አለበት፤ በእንቅልፍ ያለፈው ሰዓት ከዚያ ጉዞ ላይ ይደመራል። ራሱን የተመታ ሰው ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ከእንቅልፉ አልነቃ ካለ ወይም የአንዱ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።