በኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ የታካሚን የስምምነት ፊርማ መቀበል፦ ፊርማው ምንን ያረጋግጣል?

መግቢያ

ታካሚ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባቱ በፊት የስምምነት ቅጽ እንዲፈርም ማድረግ በየሆስፒታሉ የተለመደ አሠራር ነው። ቅጹ በወረቀት ሲሆን የሚያጋጥመው ችግርም ለጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ታካሚው በተመላላሽ ክፍል የፈረመበት ወረቀት ከካርዱ ውስጥ ይጠፋል፤ ካርዱ ራሱ ከካርድ ክፍል ሳይወጣ ይቀራል፤ ወይም በእጅ የተጻፈው የቀዶ ሕክምና ዓይነት የማይነበብ ይሆናል። በዚህም ምክንያት ታካሚው በቀዶ ሕክምናው ዕለት፣ በጋሪ ላይ ተኝቶ ተራውን በሚጠብቅበት ሰዓት፣ አንዳንዴም የሚያረጋጋ መድኃኒት ከተሰጠው በኋላ፣ እንደገና እንዲፈርም ይጠየቃል። ችግሩ የድሃ አገሮች ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ ለቀዶ ሕክምና ከቀረቡት ታካሚዎች መካከል የሁለት ሦስተኛ ያህሉ የተፈረመ ቅጽ በሚፈለግበት ሰዓት እንዳልተገኘና ይህም መዘግየትን እንዳስከተለ አመልክቷል።

ፊርማን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተቀብሎ በቀጥታ ከታካሚው የሕክምና መዝገብ ጋር ማያያዝ ይህን ችግር በአብዛኛው ያስወግዳል። ይሁን እንጂ አዲሱ አሠራር የራሱን አዲስ ስሕተት ይዞ ይመጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አሠራሩ እንዴት እንደሚከናወን ማስረዳትና ከመሣሪያው ምን መጠበቅ እንደሚገባ፣ ምን ደግሞ መጠበቅ እንደማይገባ ማመልከት ነው።

ስምምነትና ፊርማ

ፊርማ የስምምነት ማስረጃ እንጂ ስምምነቱ ራሱ አይደለም። «በበቂ መረጃ ላይ የተመሠረተ ስምምነት» የሚለው አነጋገር በሕግ ቋንቋ ውስጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1957 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሳልጎ ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ ነው። በዚያ ጉዳይ አንድ ታካሚ የደም ቧንቧ ምርመራ ከተደረገለት በኋላ እግሮቹ ሽባ የሆኑ ሲሆን፣ ክርክሩ ከተነሣባቸው ነጥቦች አንዱ ምርመራው ሊያስከትል የሚችለው አደጋ ተነግሮት ነበር ወይስ አልነበረም የሚል ነበር። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2015 የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሞንትጎመሪ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ታካሚን በቴክኒክ ቃላት ማጥለቅለቅም ሆነ በቅጽ ላይ እንዲፈርም በዘልማድ መጠየቅ የሐኪሙን ግዴታ እንደማያሟላ በግልጽ አስፍሯል።

በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20፣ ማንኛውም ሰው ምርመራ ወይም ሕክምና እንዲደረግለት አልፈቅድም ለማለት በማናቸውም ጊዜ እንደሚችል ይደነግጋል። «በማናቸውም ጊዜ» የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። ትናንት የፈረመ ታካሚ ዛሬ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል፤ ኮምፒዩተሩ የያዘው ፊርማም ይህን መብቱን አይሽረውም።

የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ዓይነቶች

«የኤሌክትሮኒክ ፊርማ» የሚለው ስም ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚያጠቃልል ብዙ ጊዜ ግራ ያጋባል።

የመጀመሪያው በኮምፒዩተር ላይ ስምን መጻፍ፣ «ተስማምቻለሁ» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ፣ ወይም የምሥጢር ቁጥር ማስገባት ነው። ሐኪሞችና ነርሶች ትዕዛዛቸውንና ማስታወሻቸውን የሚያጸድቁት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው በፊርማ ሰሌዳ ወይም በታብሌት ላይ በእጅ የሚጻፍ ፊርማ ነው። ሰሌዳው የፊርማውን ምስል ብቻ ሳይሆን፣ እንደ መሣሪያው ዓይነት የብዕሩን እንቅስቃሴ፣ ፍጥነትና ግፊት ጭምር ሊመዘግብ ይችላል።

ሦስተኛው በምሥጢራዊ ቁልፍ የሚሠራው ዲጂታል ፊርማ ነው። ኮምፒዩተሩ ከሰነዱ ጽሑፍ በሒሳብ ስሌት አንድ አጭር መለያ ቁጥር ያወጣና ያንኑ በቁልፉ ያሽገዋል። ከሰነዱ አንዲት ፊደል ብትለወጥ መለያው ስለማይገጥም ለውጡ ወዲያውኑ ይታወቃል።

በሆስፒታል ውስጥ ልዩ ሁኔታ የሚፈጥረው ታካሚው ራሱ ነው። ሐኪሙና ነርሷ በሥርዓቱ ውስጥ የተመዘገበ ስምና የይለፍ ቃል አላቸው፤ ታካሚው ግን የለውም። ስለዚህ ለታካሚ ተስማሚ ሆኖ የተገኘው ሁለተኛው ዓይነት፣ ማለትም በሰሌዳ ላይ በእጅ መፈረም ነው። የፈረመው ሰው በእርግጥ ታካሚው መሆኑን የሚያረጋግጠው ግን ሰሌዳው ሳይሆን አጠገቡ ያለው ባለሙያ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ፊርማና የስምምነቱን ጽሑፍ አንድ ላይ ለማሸግ ያገለግላል።

አንድ ምሳሌ፦ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች

በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር ያሉት ከ150 በላይ ሆስፒታሎች ይህን አሠራር በስፋት ከተገበሩት መካከል ናቸው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አይሜድኮንሰንት የተባለውን ፕሮግራም ቪስታ ከሚባለው የሕክምና መዝገብ ሥርዓታቸው ጋር አያይዘው ተጠቅመዋል።

አሠራሩ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ሐኪሙ የታካሚውን መዝገብ ከፍቶ የሚደረገውን ሕክምና ከዝርዝር ውስጥ ይመርጣል። ፕሮግራሙ ለዚያ ሕክምና የተዘጋጀውን ጽሑፍ፣ ማለትም ምንነቱን፣ ጥቅሙን፣ ጉዳቱንና አማራጮቹን ያቀርባል፤ ሐኪሙም ለታካሚው የተለየ ሁኔታ ካለ ይጨምርበታል። ከውይይቱ በኋላ ታካሚውና ሐኪሙ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ምስክር፣ በሰሌዳው ላይ ይፈርማሉ። የተፈረመው ሰነድ ወዲያውኑ ከመዝገቡ የምስል ክፍል ይቀመጣል፤ ስምምነት መሰጠቱን የሚገልጽ ማስታወሻም በታካሚው መዝገብ ላይ ይጻፋል። በዚህም የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ነርስ ወረቀት መፈለግ ሳያስፈልጋት ሰነዱን ባለችበት ታነባለች።

መሣሪያው ብቻውን በቂ ስላልሆነ መሥሪያ ቤቱ ደንብም አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው መመሪያ የተፈረመ ቅጽ የሚያገለግልበትን ጊዜ በ60 ቀናት ወስኖ ነበር። መጻፍ የማይችል ታካሚ የ«ኤክስ» ምልክት ሲያደርግም ሁለት ለአካለ መጠን የደረሱ ምስክሮች ድርጊቱን በዓይናቸው እንዲያዩ ይጠይቅ ነበር።

ስሕተቱ የት ይገባል?

አንደኛው ስሕተት ሳያዩ መፈረም ነው። ብዙዎቹ የፊርማ ሰሌዳዎች ከእጅ መዳፍ የማይበልጡ ሲሆኑ የሚያሳዩትም የፊርማውን መስመር ብቻ ነው። ጽሑፉ ያለው ወደ ሐኪሙ በዞረው ኮምፒዩተር ላይ ነው። ወረቀት ቢያንስ ከታካሚው እጅ ይገባ ነበር፤ ባያነብበው እንኳ አብሮት ያለው ልጁ ወይም አስታማሚው ያነብለት ነበር። «እዚህች ላይ ይፈርሙ» ተብሎ ሰሌዳው ብቻ የተሰጠው ታካሚ ግን የፈረመው ስለ ምን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ የሚያሻው ከዚህ ነው፤ ምክንያቱም በመዝገቡ የሚታየው ሰነድ ፍጹም የተሟላ ሆኖ ስለሚገኝ ጉድለቱን በኋላ የሚያውቅ አይኖርም። መፍትሔው ቀላል ነው። ጽሑፉ ከመፈረሙ በፊት በሚነበብ መጠን ለታካሚው ይታይ፤ ወይም ታትሞ ይሰጠው፤ በሚገባው ቋንቋም ይነበብለት።

ሁለተኛው የፊርማው ከጽሑፉ መለያየት ነው። ፊርማው እንደ ተራ ምስል ተለይቶ የሚቀመጥ ከሆነ ወደ ሌላ ሰነድ ሊገለበጥ ይችላል። እንዲሁም ሆስፒታሉ የቅጹን ጽሑፍ ሲያሻሽል የቆየው ፊርማ ከአዲሱ ጽሑፍ ሥር ሊታይ ይችላል፤ ታካሚው ያልተነገረውን ነገር ፈረመ ማለት ነው። ስለዚህ ታካሚው ያየው ጽሑፍ ከነፊርማው፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ አንድ ላይ ታሽጎ መቀመጥ አለበት። ከዚያ በኋላ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ ማን እንዳደረገው ተመዝግቦ መታየት ይኖርበታል።

ሦስተኛው በሌላ ሰው የይለፍ ቃል መሥራት ነው። ተለማማጅ ሐኪም በኃላፊው ስም በተከፈተ ኮምፒዩተር ላይ ፊርማ ቢቀበል፣ መዝገቡ ገለጻውን ያደረገው ኃላፊው ነው ብሎ ይመሰክራል። በወረቀት ጊዜ የእጅ ጽሑፉ እውነቱን ያወጣው ነበር፤ ኮምፒዩተር ግን የተነገረውን ብቻ ይይዛል።

አራተኛው መሣሪያው ሕክምናን እንዲያግድ ማድረግ ነው። አንዳንድ ሥርዓቶች ፊርማ ካልገባ ቀጣዩን ደረጃ አይከፍቱም። ራሱን የሳተ ወይም ደም እየፈሰሰው ያለ ታካሚ ሲመጣ ባለሙያው ምክንያቱን ጽፎ የሚያልፍበት መንገድ መኖር አለበት። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥም የወረቀት ቅጽ በየክፍሉ ተዘጋጅቶ መገኘት፣ በኋላም በስካነር ወደ መዝገቡ መግባት ይኖርበታል።

መረዳቱን ማረጋገጥ

በዚሁ የቀድሞ ወታደሮች ተቋም ውስጥ የተደረገ አንድ ጥናት ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው በዚህ ጥናት፣ በሰባት ሆስፒታሎች ውስጥ ለአራት ዓይነት ቀዶ ሕክምናዎች የቀረቡ ታካሚዎች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። ቀዶ ሕክምናዎቹ የአንገት ደም ቧንቧ፣ የሐሞት ከረጢት፣ የፕሮስቴትና የዳሌ መገጣጠሚያ ነበሩ። የአንደኛው ወገን ታካሚዎች በተለመደው የኤሌክትሮኒክ አሠራር ፈረሙ። ለሌላው ወገን ግን በፕሮግራሙ ላይ አንድ ተጨማሪ ደረጃ ተደረገ፤ ይኸውም ታካሚው ከመፈረሙ በፊት የተነገረውን በራሱ አንደበት መልሶ እንዲናገር ነው። መልሰው የተናገሩት ታካሚዎች ግንዛቤ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ከፍተኛ አልነበረም፤ የጠየቀው ተጨማሪ ጊዜም ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው ኮምፒዩተሩ ጥሩ ልማድን ሊያስታውስ እንደሚችል ነው። ከፊርማው በፊት «ታካሚው የሚደረግለትን ሕክምና በራሱ ቃል ገልጿልን?» የሚል ጥያቄ ቢጨመርና መልሱ በጽሑፍ ቢሰፍር፣ መዝገቡ ከፊርማ የበለጠ ነገር ይይዛል። በተለይም ማንበብና መጻፍ ለማይችል ታካሚ፣ ከጣት አሻራው ይልቅ በምስክር ፊት በራሱ አንደበት የተናገረው ቃል የስምምነቱ ዋና ማስረጃ ነው።

የሕግ ሁኔታ በአገራችን

በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማና ሰነድ የሕግ ዕውቅና ሰጥተዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃ ጥብቅ ጥበቃ ከሚያሻቸው መረጃዎች መካከል እንዲመደብ አድርጓል። ይህ ለሆስፒታሎች የሚሰጠው ትርጉም ሁለት ነው። ፊርማው ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ የለውም ሊባል አይችልም። በሌላ በኩል የታካሚውን ፊርማና አሻራ የሚሰበስብ ተቋም በአግባቡ የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት፤ የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ሊለወጥ ይችላል፣ የጣት አሻራ ግን አይለወጥም።

ማጠቃለያ

ይህን አሠራር ለመጀመር የሚያስብ ሆስፒታል መሣሪያውን ከመግዛቱ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ቢያነሣ ይጠቅመዋል።

1. ታካሚው ከመፈረሙ በፊት ሙሉውን ጽሑፍ ያያል ወይስ መስመሩን ብቻ?
2. ጽሑፉ በታካሚዎቹ ቋንቋዎች ተዘጋጅቷልን?
3. ፊርማውና የተፈረመበት ጽሑፍ ሳይነጣጠሉ ታሽገው ይቀመጣሉን?
4. መፈረም የማይችል፣ ማየት የተሳነው ወይም በሞግዚት የሚወከል ታካሚ ሲመጣ ምን ይደረጋል?
5. ታካሚው ስምምነቱን ሲያነሣ ይኸው በመዝገቡ ላይ ጎልቶ የሚታየው እንዴት ነው?
6. መብራት በሌለበት ሰዓት ሥራው እንዴት ይቀጥላል?

እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካገኙ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ የጠፋ ወረቀት ፍለጋን ያስቀራል፤ በጋሪ ላይ የተኛን ታካሚ እንደገና ከማስፈረምም ያድናል። በዚህ የተረፈው ጊዜ መዋል ያለበት ደግሞ ከታካሚው ጋር ለመነጋገር ነው። ሰሌዳው የሚመዘግበው የእጁን እንቅስቃሴ ነው፤ ታካሚው መረዳቱን ማወቅ የሚችለው ግን ያስረዳውና የጠየቀው ባለሙያ ብቻ ነው።