የብዙዎች ክስና የአንድ ሰው ማሳ

አንድ ወንዝ ተበከለ እንበል። ውሃውን የጠጣ ከብትም ሰውም ታመመ። ማን ከሳሽ ይሁን? ጉዳቱ የሁሉም ስለሆነ ሁሉም «ሌላው ይክሰስ» ብሎ ዝም ሊል ይችላል። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ወይም አንድ ማኅበር ስለ ሁሉም ሆኖ ፍርድ ቤት ይቆማል። ይህ «የሕዝብ ጥቅም ክስ» ይባላል።

በሕንድ አገር እንዲህ ያለው ክስ በጣም የታወቀ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 በደልሂ ከተማ አጠገብ፥ በፋሪዳባድ የድንጋይ ካባ ውስጥ፥ በዕዳ ተይዘው በግዳጅ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። አንድ ማኅበር ስለ እነርሱ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ። ፍርድ ቤቱም ደብዳቤውን እንደ ክስ ቆጥሮ አጣሪዎች ላከ። ኋላም በዕዳ የተያዙት ተለይተው ነጻ እንዲወጡ አዘዘ።

በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማኅበር ስለ አባሎቹ ፍትሕ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ጉዳቱ በራሱ ላይ ያልደረሰ ሰው እንኳ እንዲያመለክት ፈቀደ።

ታዲያ የማሳ ክርክርም በዚህ መንገድ ያልቃል ወይ? አያልቅም። ለምን?

አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ማሳዋን በእኩል እንዲያርስላት ለጎረቤቷ ሰጠች እንበል። ሰውየው አምስት ዓመት አረሰና «ማሳው የእኔ ነው» አለ። አንድ ማኅበር «ባል ለሞተባቸው ሴቶች ሁሉ የይዞታ ደብተር ይሰጥ» ብሎ ሊከስና ሊረታ ይችላል። ነገር ግን ያ ፍርድ «ይህ ማሳ የእርሷ ነው» አይልም።

አንደኛ፥ ማሳው የማን እንደሆነ የሚታወቀው በማስረጃ ነው። ደብተሩ ይታያል፤ ወሰኑ ይለካል፤ አዋሳኞች ይመሰክራሉ። ሁለተኛ፥ ያኛውም ወገን መሰማት አለበት። ሰው ሳይጠየቅ አይፈረድበትም። ሦስተኛ፥ የአንዱ ማሳ ነገር ከሌላው ይለያል። አንዱ በውርስ አገኘ፤ አንዱ በድልድል። አንዱ ፍርድ ለሁሉ አይበቃም። የሕንዱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ ኋላ ባወጣው መመሪያ የአከራይና የተከራይ ክርክር በሕዝብ ጥቅም ክስ እንዳይቀርብ አድርጓል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። እውነት ነው። ወንዙን፥ ደኑን፥ የወል ግጦሹን ለማዳን ማበር ይጠቅማል። የራሳችሁን ማሳ ግን በራሳችሁ ማስረጃ ነው የምታድኑት።

ስለዚህ ደብተራችሁን አውጡና አንብቡ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 የማሳው ስፋትና ወሰን በደብተር እንዲጻፍ፥ የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ ከሆነም የሁለቱም ስም እንዲገባ አዞ ነበር። በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1324 ተተካ። ደብተሩ ግን ቀረ ማለት አይደለም።

ስማችሁ በትክክል ተጽፏል? የሚስትስ ስም አለ? አዋሳኞቹስ? ስህተት ካለ ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። የግብር ደረሰኝ አትጣሉ። ማሳ በእኩል ስትሰጡ ዘመኑን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ተዋዋሉ። ሌላ ሰው ያነበበላችሁን ብቻ አምናችሁ አትፈርሙ። አሁን እናንተው ታነባላችሁ።

ጥያቄ

1. የሕዝብ ጥቅም ክስ ለምን ለምን ይጠቅማል?
2. የዚያች እናት ማሳ የእርሷ መሆኑ በምን በምን ይታወቃል?
3. በእናንተ ደብተር ላይ የአዋሳኞቹ ስም ማን ማን ይላል?